አንዴ ተወግቶ የሚያልቅ ክትባት፦ ከድሬዳዋ ለቀረበ ጥያቄ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ የምትነግድ እናት ናት። ሴት ልጇ 9 ሳምንት ሆኗታል፤ የ6 ሳምንቱን ክትባት በሰፈሯ ጤና ጣቢያ ወስዳለች። እናትየው ለዕቃ ወደ ጅግጅጋ ትመላለሳለች። «አንድ ጊዜ ተወግቶ ሰውነት ውስጥ ሆኖ በየወሩ ራሱ የሚለቅ ክትባት ወጥቷል ሲባል ሰማሁ። ክንድ ላይ እንደሚቀበረው የ3 ዓመቱ የወሊድ መከላከያ ነው አሉኝ። ልጄ ሁለት ቦታ ተወግታ ሌሊቱን ስታለቅስ ነው ያደረችው፤ እሱን ላስመጣላት ወይስ እስኪመጣ ልጠብቅ? ደግሞስ በዚህ በድሬ ሙቀት አይበላሽም ወይ?» ትላለች።

እህቴ፣ አጣዳፊውን አስቀድሜ ልመልስ። አትጠብቂ። የሰማሽው ነገር ቤተ ሙከራ ውስጥ አለ፣ ዜና ላይም አለ፤ ጤና ጣቢያ ውስጥ ግን የለም። በድሬም፣ በአዲስ አበባም፣ በአሜሪካም። ለሰው ተፈቅዶ በመደበኛ ክትባት የሚሰጥ እንዲህ ያለ ክትባት እስካሁን አንድም የለም። ስለዚህ ልጅሽ 10 ሳምንት ስትሞላ ሁለተኛውን ዙር ትውሰድ። ያኔ ጅግጅጋ ከሆንሽ ካርዷን ይዘሽ እዚያው ያለ ጤና ጣቢያ ግቢ፤ ክትባቱ ያው ነው፣ ክፍያም የለውም። ቢዘገይብሽ እንኳ «አለፈ» ብለሽ አትተይው፤ ከዜሮ አይጀመርም፣ ከቆመበት ይቀጥላል። በሁለት የፔንታ (ትክትክንና ቴታነስን ጨምሮ አምስት በሽታዎችን በአንድ መርፌ የሚከላከለው ክትባት) ዙሮች መካከል ማጠር የሌለበት ጊዜ 4 ሳምንት ነው። ከዚያ ቢረዝም የተወሰደው አይባክንም፣ ግን በረዘመ ቁጥር ልጅቷ በጎደለ መከላከያ ትቆያለች። ትክትክ ደግሞ የሚበረታው በጨቅላዎቹ ላይ ነው።

እኔ ፋርማሲስት ነኝ፤ ሐረር ነው የምኖረው። ያጠናሁት መድኃኒት እንዴት እንደሚቀመምና ሰውነት ውስጥ እንዴት እንደሚለቀቅ ስለሆነ ጥያቄሽ መሐል ሙያዬ ላይ ነው ያረፈው። ትንሽ ብረዝም ታገሺኝ።

«ክንድ ላይ የሚቀበረውን ይመስላል» ያለሽ ሰው እሱ ከሚያስበው በላይ ልክ ነው። ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ሳይቀሩ እየቀበሩት ያለው ኢምፕላኖን፣ የክብሪት እንጨት የሚያክለው ዘንግ፣ 68 ሚሊግራም ሆርሞን ይዟል። ያንን ሆርሞን 3 ዓመት ሙሉ ቆጥቦ የሚያወጣው ኢቪኤ የሚባል ፕላስቲክ ነው። በ1976 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎቹ ሮበርት ላንገርና ጁዳ ፎክማን ፕሮቲንን የመሰለ ትልቅ ሞለኪውል ከፕላስቲክ ውስጥ ቀስ እያለ ሊወጣ እንደሚችል ሲያሳዩ ከተጠቀሙባቸው ፕላስቲኮች አንዱ ይኸው ኢቪኤ ነበር። ከዚያ በፊት «ይህን የሚያህል ነገር በፕላስቲክ አያልፍም» ነበር የሚባለው። በ1979 ላንገር ከአንድ ባልደረባው ጋር ይህንኑ መንገድ ለክትባት ሞከረው፤ አይጦችን አንድ ጊዜ ብቻ በማከም ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ፀረ እንግዳ አካል አገኙ። እንግዲህ «አዲስ ወጣ» የተባልሽው ሐሳብ ከብዙዎቻችን በዕድሜ ይበልጣል።

ታዲያ የወሊድ መከላከያው ገጠር ቀበሌ ድረስ ሲደርስ ክትባቱ ለምን ቀረ?

አንዱ ምክንያት ዘንጉ ራሱ ነው። ኢቪኤ አይሟሟም፤ ጊዜው ሲያልቅ ቆዳ ተሰንጥቆ መውጣት አለበት። ይህን ሕፃን ላይ ማንም አያደርገውም። ስለዚህ ለክትባት የሚታሰበው ሌላ ፕላስቲክ ነው፤ ስሙ ፒኤልጂኤ ይባላል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ «ክሩ ራሱ ይሟሟል፣ ለማስወጣት አትመለሺ» ተብለሽ ከሆነ ከዚሁ ቤተሰብ ጋር ተዋውቀሻል። ፒኤልጂኤ ላክቲክ አሲድና ግላይኮሊክ አሲድ ተያይዘው የሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። ውኃ ሲያገኘው ሰንሰለቱ እየተበጠሰ ወደ እነዚያው ሁለት አሲዶች ይመለሳል፤ ሰውነት ደግሞ እነሱን ማስወገድ ያውቅበታል። ሁለቱ እኩል በእኩል ከተቀላቀሉ በአንድ በሁለት ወር ውስጥ ይፈርሳል፤ የላክቲኩ ድርሻ ወደ 75 ወይም 85 በመቶ ከፍ ካለ ዕድሜው ይረዝማል። ጊዜውን የሚወስነው ቅመማው ነው ማለት ነው። ከዚህ ደቃቅ እንክብሎች ይሠሩና ውስጣቸው ክትባቱ ይታሸጋል።

ይህ በወረቀት የቀረ ነገር አይደለም። ለፕሮስቴት ካንሰር የሚሰጠው ሊዩፕሮላይድ በፒኤልጂኤ እንክብል ሆኖ፣ በወር አንድ ጊዜ የሚወጋ መርፌ ተደርጎ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ1989 እ.ኤ.አ. ነው። ግን ሊዩፕሮላይድ 9 አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን የሚገነባበት ጡብ) ብቻ ያላት ቁራጭ ናት። ብታጣጥፊያት ብትዘረጊያት ያው ናት፤ የሚፈርስ ቅርጽ የላትም። የኢምፕላኖኑም ሆርሞን ከእሷ ያነሰና ጠንካራ ሞለኪውል ነው። የቴታነስ ክትባት፣ ማለትም የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያው፣ ከሺህ በላይ አሚኖ አሲድ ተጠቅልሎ የሠራው ትልቅ ፕሮቲን ነው። የበሽታ መከላከያ ሥርዓታችን የሚያውቀው ያንን ጥቅልል ነው። ጥቅልሉ ከተፈታ ወይም ከተጓጎለ የሚቀረው የክትባት ስም ብቻ ነው።

ወደ ሙቀቱ ልምጣ፤ ከጥያቄሽ ሁሉ ይህኛውን ነው የወደድኩት። አንቺ የፈራሽው ከፍሪጅ እስከ ልጅሽ ጭን ያለውን መንገድ ነው። እኛ የምንፈራው ጭኗ ውስጥ ከገባ በኋላ ያለውን ነው። ደርቆ እንክብል ውስጥ የታሸገ ፕሮቲን በብልቃጥ ካለው ፈሳሽ ይልቅ የመንገድ ሙቀት የመቻል ተስፋ አለው። ከተወጋ በኋላ ግን የልጅሽ ጡንቻ ውስጥ 37 ዲግሪ ነው፣ ያውም እርጥብ። ግንቦት ላይ ቀፊራ ገበያ እኩለ ቀን ላይ የቆመ ሰው እንኳ ማታ ነፋስ ይመጣለታል፤ ጡንቻ ውስጥ ያለ እንክብል ማታ የለው፣ ጥላ የለው። ዛሬ የምትወጋው ፔንታ እስከ መወጊያው ደቂቃ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ተጠብቆ ይቆይና ገና እንደገባ ሰውነት ይረከበዋል። አንዴ ተወግቶ የሚቆየው ግን የመጨረሻው ክፍል ተራው እስኪደርስ ሁለት ወር እዚያ ሙቀት ውስጥ መጠበቅ አለበት። እኛ ደግሞ የምንፈልገው ያ የመጨረሻው ክፍል ልክ እንደ መጀመሪያው ትኩስ ሆኖ እንዲወጣ ነው።

በዚያ ላይ አሲዱ አለ። ፕላስቲኩ ሲፈርስ የሚወጣው አሲድ በቶሎ ወደ ውጭ ስለማያመልጥ የእንክብሉ ሆድ ይኮመጥጣል፤ ፒኤቹ (አሲድ ሲበዛ የሚወርደው መለኪያ) ከ4 በታች ሊወርድ ይችላል። ለዚህ ከተገኙት መላዎች አንዱ ፋርማሲ ውስጥ ለቃር የምንሸጠው ማግኒዥየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ ከክትባቱ ጋር አብሮ ይታሸግና አሲዱን ያበርደዋል። የቴታነሱ ጣጣ ደግሞ ከአሠራሩ ይመጣል። መርዙ ክትባት የሚሆነው በፎርማሊን ተገርቶ ነው፤ የፎርማሊኑ ቅሪት ፕሮቲኑ ላይ ስለሚቀር ሙቀትና ትንሽ እርጥበት ሲያገኝ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ። በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ይህን በዝርዝር አሳይቶ እንደ ሶርቢቶል ያሉ ነገሮች ሲጨመሩበት መጓጎሉ እንደሚቀንስ ጠቁሟል። ያኔ የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ አንዴ ተወግቶ የሚያበቃ የቴታነስ ክትባት ከሚፈልጉት መካከል ነበር። እንስሳት ላይ ጥሩ ጥሩ ውጤት ታየ፤ ወደ ሰው ግን አልተሻገረም።

እዚህ ላይ ሰው ብዙ ጊዜ የሚዘለው ነገር አለ። ቀስ ብሎ መልቀቅ ብቻውን ክትባት አያደርግም። ወሊድ መከላከያ ስትወስጂ የምትፈልጊው በየቀኑ እኩል መጠን ነው። ክትባት ላይ ግን በየተራ መምጣት አለ። የመጀመሪያው ዙር ንፍፊት ውስጥ ያሉ ሴሎችን ይቀሰቅሳል፤ ሴሎቹ ለሳምንታት እየተመረጡ፣ የተሻለ የሚይዙት እየበዙ፣ ከፊሎቹ ትዝታ ይዘው ይቀመጣሉ። ሁለተኛው ዙር የሚመጣው እነዚህ ሲዘጋጁ ነው፤ ጉልበቱም ከዚያ ነው። ታዲያ እንክብሉ ጥቂት ጥቂት ሳያቋርጥ ቢያንጠባጥብስ? አንዳንዶች ሰውነት ሊለምደውና ሊተወው ይችላል ብለው ይሰጋሉ። በሌላ በኩል በ2019 እ.ኤ.አ. ጦጣዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ለኤችአይቪ የታሰበ ክትባት የመጀመሪያው ዙር በአንዴ ከሚወጋ በትንሽ ፓምፕ ቀስ እያለ ሲሰጥ የተሻለ ምላሽ አምጥቷል። ክርክሩ አላለቀም። እኔ የማደላው ለሕፃናቱ ክትባት አሁን የምናውቀውን ተራ አስመስሎ ወደሚለቀው ነው፤ ምክንያቴም ቀላል ነው፦ 6፣ 10፣ 14 ሳምንት የሚለው አሠራር ሚሊዮኖች ላይ ተፈትኗል።

ተራውን ለማስመሰል ከተሞከሩት የማረከኝ በ2017 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ከኤምአይቲ የወጣው ነው። የኮምፒዩተር ቺፕ ከሚሠራበት ጥበብ ተበድረው ከፒኤልጂኤ ደቃቅ ሣጥኖች አበጁ። መጀመሪያ ክፍት ሣጥኑ በሻጋታ ይወጣል፤ ውስጡ የክትባት ጠብታ ይደረግና ይደርቃል፤ ከዚያ ክዳኑ በትክክል ተደፍቶበት በሙቀት ይጣበቃል። ሣጥኑ ግድግዳው እስኪፈርስ ድረስ አያፈስም፤ ሲፈርስ ግን በአንዴ ይለቃል። የፕላስቲኩን ዓይነት በመለዋወጥ አንዱ በ9ኛው፣ ሌላው በ20ኛው፣ ሌላው በ41ኛው ቀን ግድም እንዲከፈት አደረጉ። አይጦች ላይ አንዴ የተወጋው ተለያይቶ ከተወጋው ያላነሰ ምላሽ ሰጠ። ድንቅ ነው! ግን ሣጥኑ ውስጥ የነበረው የእንቁላል ነጭ ፕሮቲን እንጂ ፔንታ አልነበረም።

የሣጥኑ ስፋትም 400 ማይክሮን (0.4 ሚሊሜትር) ግድም ነው። ሕፃናትን የምንወጋበት ባለ 23 ቁጥር መርፌ የውስጥ ቀዳዳው ከ0.4 ሚሊሜትር ያንሳል፤ ሣጥኑ አያልፍበትም። የሚያሳልፈው መርፌ ወፍራም ነው፣ እሱን ስታዪ ደግሞ ዛሬ የምታማርሪበትን መርፌ ትመርቂው ነበር።

አሁን የምለውን ሌሎች ባለሙያዎች እምብዛም አያነሱትም፤ ለእኔ ግን ከባዱ ይህ ነው። ዛሬ አንድ ሕፃን ከመጀመሪያው ፔንታ በኋላ ኃይለኛ አለርጂ ቢያሳይ ሁለተኛው አይሰጠውም፤ እዚያው ይቆማል። ኢምፕላኖንም ካልተስማማሽ ይወጣል። ጡንቻ ውስጥ የተበተነ ደቃቅ እንክብል ግን አይለቀምም፤ የ10ና የ14 ሳምንቱ አስቀድሞ ገብቷል። እንዲህ ያለው ነገር በጣም ጥቂት ልጆችን ነው የሚገጥመው፣ ግን ክትባት የሚሰጠው ለጤነኛ ልጅ ስለሆነ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ስለ እነዚያ ጥቂት ልጆች ነው መጀመሪያ የሚጠይቀው።

ስለ ፋብሪካው ብዙ አልልም። ተራ ፈሳሽ ክትባት በደቃቅ ማጣሪያ አልፎ ከጀርም ሊጸዳ ይችላል፤ እንክብል በማጣሪያ አያልፍም፣ በጨረር ቢመታ ፕሮቲኑ ይጎዳል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ንጹሕ ክፍል ውስጥ መሠራት አለበት። በአሜሪካ በ1999 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ላይ ኑትሮፒን ዴፖ የሚባል የእድገት ሆርሞን፣ እውነተኛ ትልቅ ፕሮቲን፣ በፒኤልጂኤ እንክብል ሆኖ ተፈቅዶ ነበር። በ2004 ባለቤቶቹ ማምረቱ ብዙ ይጠይቃል ብለው አቆሙት። እሱ ውድ መድኃኒት ነበር። ፔንታ በዩኒሴፍ ግዢ አንዱ ዶዝ ከ1 ዶላር በታች የወረደ ነው፤ ሦስቱን ዶዝ የሚተካው እንክብል ከዚህ ጋር ነው የሚወዳደረው።

እንበልና ይህ ሁሉ ተፈታ። ስንት ጊዜ ከመመላለስ ያድንሻል? የልጅሽን ካርድ አውጪና አብረን እንየው። ስትወለድ ቢሲጂ (የሳንባ ነቀርሳ ክትባት) እና የፖሊዮ ጠብታ፤ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ፔንታ፣ የሳንባ ምች ክትባት፣ የፖሊዮ ጠብታ፤ ከእነሱ ጋር ደግሞ ሮታ (የተቅማጥ ክትባት)፤ በ14 ሳምንት የሚወጋው ፖሊዮም አለ፤ በ9 ወርና በ15 ወር ኩፍኝ። ከእነዚህ ቢሲጂ፣ ጠብታው፣ ሮታና ኩፍኝ ሕያው ክትባቶች ናቸው፤ የተዳከመ ግን ያልሞተ ጀርም ነው ያለባቸው። ሕያው ነገር 37 ዲግሪ ላይ አሲድ ውስጥ ታሽጎ ወር አይጠብቅም። ጠብታውና ሮታማ መንገዳቸው ራሱ አንጀት ነው። ስለዚህ እንክብሉ ቢሳካ የሚቀንስልሽ የ10ና የ14 ሳምንቱ መርፌ ነው፤ ጉዞው ግን ጠብታው እስካለ ድረስ አይቀርም። ዜናው ይህን አይነግርሽም።

ይህን ስል ግን የሁለት ዙር ጉዞን ዋጋ ማናናቄ አይደለም። አንቺ ከታይዋን ገበያ ተነስተሽ ባጃጅ ይዘሽ ጤና ጣቢያ ትደርሻለሽ። በሺኒሌ በኩል ከብቷን ተከትላ የምትንቀሳቀስ እናት በ6 ሳምንት የተገኘችበት ቦታ በ14 ሳምንት ላትገኝ ትችላለች። የመጀመሪያውን ፔንታ ወስደው ሦስተኛውን የማይወስዱት ልጆች ባብዛኛው የእሷ ዓይነት እናት ልጆች ናቸው። እንክብሉ መጀመሪያ ሊደርስ የሚገባው ለእሷ ነው፤ እንደማየው ከሆነ ግን አዲስ ነገር ሲመጣ መጀመሪያ የሚደርሰው ለከተማው ነው።

እስከዚያው ሥራውን የያዘችው ቫክሲን ካሪየር (የክትባት ማቀዝቀዣ ሣጥን) ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ ወደ ገጠር ቀበሌው ቢዮ አዋሌ የምትወጣው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት። ስትዘጋጅ አጠገቧ ብትቆሚ የምታዪው ይህ ነው፦ አይስ ፓኩን ከፍሪዘር አውጥታ ወዲያው አትከተውም። ላብ እስኪያወጣ ትተወውና አንስታ ጆሮዋ አጠገብ ትነቀንቀዋለች፤ ውስጡ ውኃ ሲንቦጫረቅ ከሰማች ነው የምትከተው። ለምን ብትዪ፣ ፔንታ ከሙቀት ይልቅ ብርድ ይገድለዋል። በረዶ ከሠራ አብሮት ያለው የአሉሚኒየም ጨው ይቋጠራል፣ መልሶም አይስተካከልም። ብልቃጡ ላይ ያለው ቪቪኤም፣ መሐሉ ካሬ ያለበት ክብ ምልክት፣ ሙቀት ሲያገኘው እየጠቆረ ይነግራታል፤ ብርድን ግን አይናገርም። ድሬ ላይ ስለ ሙቀት ስናወራ እንውላለን እንጂ ፔንታን የሚያበላሸው አንዳንዴ የበዛ በረዶ ነው።

መቼ ይመጣል ለሚለው፣ ልጅሽ እናት እስክትሆን ሊመጣ ይችላል፤ ቀኑን ግን ማንም ቢነግርሽ አትመኚው። ቀድሞ የሚደርሰው ሌላ ይመስለኛል። ጋምቢያ ውስጥ የኩፍኝና የሩቤላ ክትባት በመርፌ ፈንታ በጥቃቅን ሾሎች በተሞላ ልጥፍ ለሕፃናት ተሰጥቶ ከመርፌው የሚስተካከል ምላሽ እንዳመጣ በ2024 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ሾሎቹ ቆዳ ውስጥ ሟሙተው ይቀራሉ። ይህ ቀስ ብሎ የሚለቅ አይደለም፤ ዙር አይቀንስም። ግን ወጊ ባለሙያ ባይኖርም ሊለጠፍ ይችላል፣ ቅዝቃዜውንም ያን ያህል አይለምንም። ዙር ስለመቀነስ ከሆነ ደግሞ ያለ ምንም ፕላስቲክ የቀነሰ አለ፤ የማኅፀን በር ካንሰር ክትባት ቀድሞ በ3 ዶዝ ነበር የተጀመረው፣ በ2022 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት ለልጃገረዶች 1 ዶዝም ይበቃል አለ። ይህ የመጣው አዲስ ነገር ተፈልስፎ ሳይሆን አንዴ ብቻ የወሰዱትን ልጃገረዶች ለዓመታት በመከታተል ነው። ገንዘብ እንዳከፋፍል ብጠየቅ እንዲህ ላለው ክትትል ከእንክብሉ አስበልጬ እሰጥ ነበር፤ የሙያ ባልደረቦቼ ይፍረዱኝ።

የቀረው ያለቀሰችበት ሌሊት ነው። ከፔንታ በኋላ መጠነኛ ትኩሳት፣ የተወጋው ቦታ ማበጥና መነጫነጭ የተለመደ ነው፤ ባብዛኛው ከአንድ ሁለት ቀን አያልፍም። ጡት ቶሎ ቶሎ አጥቢያት፣ በድሬ ሙቀት በጋቢ አትጠቅልያት፣ የተወጋውን ቦታ አትሺው፣ ቅቤም አትቀቢው። የፓራሲታሞል ሽሮፕ ካስፈለገ መጠኑ በክብደት ነው የሚሰላው፤ ጤና ጣቢያ ስትመዘን ኪሎዋን ካርዱ ላይ አስጽፊና ፋርማሲ አሳዪ፣ በማንኪያ ገምተሽ አትስጪ። ትኩሳቱ ከአንድ ቀን ካለፈ ወይም ጡት እምቢ ካለች ውሰጃት። በመጀመሪያው ዙር ካንቀጠቀጣት፣ ሰውነቷ ከዛለ፣ ወይም ምንም ሳያባብላት ከ3 ሰዓት በላይ ሳታቋርጥ ካለቀሰች ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ከመወጋቷ በፊት ለከታቢዋ ንገሪያት።